የፕላስቲክ ፍሬና የባሕር መርዝ

የፕላስቲክ ዕቃ ዕቃ ከመሆኑ በፊት ፍሬ ነው። ጀሪካኑም፣ ባልዲውም፣ ፌስታሉም የሚሠራው ምስር የሚያህል ጥሬ ፕላስቲክ ቀልጦ ነው። ሲጫንና ሲራገፍ የፈሰሰውን ፍሬ ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ያስገባዋል፤ ወንዝ ደግሞ ባሕር ያደርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪ ኤድዋርድ ካርፔንተር ከባልደረባው ጋር ይህን ፍሬ በሳርጋሶ ባሕር ላይ ተንሳፍፎ ማግኘቱን ጻፈ። በዚያው ዓመት ከኒው ኢንግላንድ ዳርቻ የተሰበሰቡ የፖሊስታይሪን ቅንጣቶች ሲመረመሩ ለኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ያገለግል የነበረው ፒሲቢ ተገኘባቸው። መርዙን የወሰዱት ከባሕሩ እንደሆነ ያኔውኑ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል በቂ ጆሮ አላገኘም።

ነገሩን በሙከራ ያስጨበጡት የቶኪዮው ፕሮፌሰር ሂዴሺጌ ታካዳና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አዲስ የፖሊፕሮፒሊን ፍሬ በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ለ6 ቀን ሲዘፈዘፍ፣ በላዩ ያለው ፒሲቢና ከተባይ ማጥፊያው ዲዲቲ መፈራረስ የሚገኘው ዲዲኢ በየቀኑ ጨመረ። በ2001 ባወጡት ጥናት መሠረት ፍሬው ላይ የሚጠራቀመው መርዝ በዙሪያው ካለው ውሃ እስከ 1 ሚሊዮን እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ምክንያቱ ማድ ቤት ውስጥም ይታያል። ነጭ ጋዝ የተያዘበት ጀሪካን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ሽታው አይለቀውም፤ ጋዙ ከውሃ ይልቅ ፕላስቲኩን ስለሚስማማው ገላው ውስጥ ዘልቋል። ፒሲቢና ዲዲቲም ከውሃ ጋር አይዋሐዱምና ፕላስቲክ ሲያገኙ ይጣበቁበታል። ባሕር ላይ ሰንብቶ ወደ ቢጫነት የተለወጠ ፍሬ ብዙውን ጊዜ ከነጩ የበለጠ መርዝ ይዞ ይገኛል።

በ2004 እንግሊዛዊው የባሕር ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምፕሰን ለጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ማይክሮፕላስቲክ የሚለውን ስም አስለመደ። በ2006 ታካዳ ለዓለም ጥሪ አቀረቡ፤ ሰዎችም ከአሸዋ ላይ የለቀሙትን ፍሬ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልለው በፖስታ ወደ ቶኪዮ ይልኩ ጀመር። በ2009 የ17 አገሮች 30 የባሕር ዳርቻዎች ውጤት ታተመ። ፒሲቢ ከሁሉ የበዛው በአሜሪካ፣ ቀጥሎም በምዕራብ አውሮፓና በጃፓን ነበር፤ መርዙ በእነዚህ አገሮች ከታገደ ግን አስርት ዓመታት አልፈዋል። በቬትናም ፍሬዎች ላይ የተገኘው ዲዲቲ አብዛኛው ገና ያልፈራረሰ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያም ለረጅም ዘመን እንዳደረገችው፣ ለወባ መከላከያ የተረጨ እንደሆነ ተገመተ። አሸዋ ላይ የወደቀ ቅንጣት የአንድ አገር የመርዝ መዝገብ መሆኑ የሚያስደንቅም የሚያሳዝንም ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ መርዙ ወደ እንስሳት ገላ ይሻገር እንደሆነ ነበር። በ2013 የታካዳ ቡድን 12 የሰሜን ፓሲፊክ የባሕር ወፎችን መርምሮ፣ በ3ቱ ስብ ውስጥ በሚመገቡት ዓሣ ላይ ያልታየ የእሳት መከላከያ ኬሚካል አገኘ፤ ያው ኬሚካል ሆዳቸው ውስጥ ባለው ፕላስቲክ ላይም ነበር። በ2016 ተመራማሪው አልበርት ኩልማንስና ባልደረቦቹ ያወጡት የጥናቶች ግምገማ ደግሞ፣ ፕላስቲክ ከባሕር ለቅሞ የሚያደርሰው መርዝ እንስሳት ከተፈጥሮ ምግባቸው ከሚያገኙት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መሆኑን አሳየ። የወፎቹ ጉዳይ ግን በዚህ አይሻርም፤ እነሱን ያገኛቸው ኬሚካል ከባሕር የተለቀመ ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲኩ ላይ የተጨመረ ነበር።