የማይናገረው ስህተት፦ ራሱን የሚያርም ሚሞሪ አጭር ታሪክ

“ኮምፒውተሩ ነው እንዲህ ያለው!” ከተባለ ክርክር አለቀ፤ መሥሪያ ቤትም ሂዱ ባንክ፣ ከማሽኑ በላይ የሚታመን ምስክር የለም። እንግዲህ ዛሬ ስለዚህ ምስክር አንዳንድ ነገር እናውራ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በግንቦት 2003 በቤልጂየም ምርጫ ተካሄደ። በብራሰልስ በምትገኘው ስካርቤክ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ ሲሰጥ አንዲት ዕጩ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ድምፅ አገኘች። ሲቆጠር ትርፉ ልክ 4,096 ሆነ። ይህ ቁጥር 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣ ነው፤ በኮምፒውተር ቋንቋ አንዲት 0 ወደ 1 ስትገለበጥ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ተፈተሸ፤ ስህተት አልተገኘበትም። የተሰጠው ማብራሪያ ሚሞሪው ውስጥ አንዲት ቢት በራሷ ተገልብጣለች የሚል ነበር። ድምፁ ከሚቻለው በላይ ባይሆን ኖሮስ? ማንም አይነቃም ነበር።

ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። በ1947 ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለ የሂሳብ ሊቅ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ሥራውን ዓርብ ማሽን ላይ ጭኖ ይሄዳል። የዘመኑ ማሽን ስህተት ሲያገኝ ሠራተኛ ካለ ይጮኽለታል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ሰው ስለሌለ ሥራውን ይጥልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃሚንግ ሰኞ ሲመጣ ባዶ! በሚቀጥለውም ሳምንት ባዶ! ሰውየው በንዴት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ማሽኑ መሳሳቱን ካወቀ፣ የተሳሳተበትን ቦታ አውቆ ለምን አያርመውም? መልሱን በ1950 አሳተመው።

ዘዴው እንደ ሽምግልና ነው። አራት ቤቶችን ሦስት ሽማግሌዎች ይጠብቃሉ እንበል። እያንዳንዱ ሽማግሌ ሦስት ሦስት ቤት ያያል፤ የሚያዩት ግን የተለያየ ነው። አንደኛው ቤት ሲበላሽ አንደኛውና ሁለተኛው ሽማግሌ ይጮኻሉ፣ ሁለተኛው ቤት ሲሆን አንደኛውና ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ሲሆን ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ አራተኛው ሲሆን ሁሉም። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ከጮኸ ደግሞ የተሳሳተው እሱ ራሱ ነው። ማን እንደጮኸ በማየት ብቻ ጥፋቱ የት እንዳለ ይታወቃል። ዛሬ ኢሲሲ የሚባለው ሚሞሪ የዚህ ልጅ ነው፤ በተለመደው አሠራር ለ64 ቢት 8 ጠባቂ ይጨመርለታል። አንድ ስህተት ያርማል፣ ሁለት ከሆነ መኖሩን ይናገራል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ በ1976 ሎስ አላሞስ የገባው የመጀመሪያው ክሬይ 1 ሱፐር ኮምፒውተር ስህተት የሚያይ እንጂ የሚያርም ሚሞሪ አልነበረውም። በስድስት ወር ሙከራ 152 የሚሞሪ ስህተት ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ማረሚያ ተገጠመላቸው።

ቢቷን የሚገለብጣት ማነው? በ1978 የኢንቴል ተመራማሪዎች አንዱን ወንጀለኛ ያዙት፤ የቺፑ መያዣ ውስጥ ያለች ኢምንት ዩራኒየምና ቶሪየም የምትረጨው ጨረር ነው። በ1979 የአይቢኤሙ ጄምስ ዚግለርና ባልደረባው ዊሊያም ላንፎርድ ሌላውን ጠቆሙ፦ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር። ይኼኛው ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት! ደግነቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የምድር መግነጢስ ከፊሉን ይመልስልናል። ቢሆንም ከጅቡቲ ወደብ ይልቅ እኛ ለሰማይ የቀረብን ነን።

ታዲያ የቤታችን ማሽን ለምን ጥበቃ አጣ? የ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ቢያንስ ዘጠነኛ ቢት ነበረው፤ ስህተት ሲያይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዋጋ ለመቀነስ ተባለና ዘጠነኛዋ ቀረች፤ በ1995 የወጣው የኢንቴል ትራይተን ቺፕሴት ጭራሽ አያውቃትም። ማረሚያው የሰርቨር፣ ዕድሉ የኛ ሆነ። በ2003 ቨርጂኒያ ቴክ 1,100 ፓወር ማክ ደርድሮ በዓለም ሦስተኛውን ፈጣን ኮምፒውተር ሠራ፤ ሚሞሪያቸው ግን ስህተት አያርምም ነበር። በ2004 ማረሚያ ባላቸው ማሽኖች ተተኩ። በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ በጉግል ማሽኖች ከመቶ ከ8 በላይ የሚሆኑት የሚሞሪ ካርዶች በዓመት ውስጥ ስህተት እንዳሳዩ ነገረን።

አሁን ወደ ኦቨርክሎክ ወዳጆቻችን። ሚሞሪን ከተሸጠበት ፍጥነት በላይ የምታስሮጡ ሁሉ ኢሲሲን “የሽማግሌ ራም” እያላችሁ ትንቁታላችሁ። እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመደበኛ ፍጥነት ነው የሚሸጠው፣ ፍጥነቱንም በእጅ ማስተካከል ይጠይቃል። ነገር ግን ተራው ራም ሲጨነቅ አይናገርም። ጌሙ ይሠራል፣ ዘፈኑ ይዘፍናል፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ግን አንድ ገጽ ላይ በዝምታ ይበላሻል። ኢሲሲ ሲጨነቅ ይመዘግባል። ፍጥነቱን ጨምሩ፣ መዝገቡን እዩ፤ “አረምኩ” ማለት ከጀመረ አንድ ደረጃ ተመለሱ። “እያረመ ነውና ይቀጥል” ማለት ግን የሃሚንግን ሽማግሌዎች ጉልበት ሠራተኛ ማድረግ ነው። የሚፈለገው መዝገቡ ባዶ እንዲሆን ነው።

ልትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ሬጅስተርድ የሚባለው የሰርቨር ኢሲሲ በተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም፤ አንባፈርድ የሆነውን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩም መደገፍ አለባቸው፤ ካርዱን ተቀብሎ ማረሚያውን የማያበራ ቦርድ አለ። ሦስተኛ፣ ዲዲአር5 ሁሉ በቺፑ ውስጥ ማረሚያ አለው ሲሏችሁ ልባችሁ አይረፍ፤ ያ ከቺፑ እስከ ፕሮሰሰሩ ያለውን መንገድ አይጠብቅም።

ለጌም ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ግራፊክስ ካርድ ላይ አውሉት፤ አንፈርድም። የሰው ደሞዝ፣ የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ መዝገብ የሚይዝ ማሽን ግን ሌላ ነው። ስካርቤክ ላይ ስህተቱ የተያዘው ከልክ በላይ ትልቅ ስለነበረ ብቻ ነው። ትንሹን ማን ይቆጥረዋል?