ከሃንተር እስከ ቆቦ ሜዳ፦ የጉልበት ልም አጥንት ሕክምና አጭር ታሪክ

በራያ ቆላ፣ በቆቦ ሜዳ ለሚኖር ገበሬ የጉልበት ሕመም ቀላል ነገር አይደለም። ማሽላው የሚታጨደው ጎንበስ ቀና እየተባለ፣ አረሙ የሚታረመው ቁጢጥ ተብሎ ነው። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም ይሰግዳል፤ ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ይንበረከካል። አማርኛ የአካል ክፍሉንም ሆነ ኃይልን በአንድ ቃል ‹ጉልበት› ብሎ መጥራቱ ያለ ነገር አይመስልም። እንዲህ ያለው ታካሚ ለዓመታት ሲያነክስ ኖሮ ጤና ተቋም ሲደርስ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ኦፕራሲዮን ያድነው እንደሆነ ነው። የሕክምናው ዓለም ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ባለፉት 140 ዓመታት በተደጋጋሚ ተለዋውጧል።

ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ወደ አገራችን በስፋት የገባው ከጦርነት ጋር ተያይዞ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ደረሰ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ የአምቡላንስ ቡድን በደሴ በኩል ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ ከራያ ሜዳ በላይ ባለው በቆረም አካባቢ ድንኳኑን ተክሎ ሳለ በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድቧል። የእነዚህ ቡድኖች ሥራ የጥይትና የቦምብ ቁስል ማከም ነበር። ቀስ በቀስ የሚያልቀው የገበሬው ጉልበት ግን ለወጌሻው፣ ለዋግምቱ፣ ለብጡና ለጸበሉ ተተወ። ወጌሻ የወለቀውን በመመለስ ረገድ ያለው ልምድ የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም ያበጠና የሚያተኩስ ጉልበት መታሸት የለበትም።

የጉልበት ልም አጥንት፣ በሕክምና አጠራሩ ካርቲሌጅ፣ ጠባዩ ቀድሞ የታወቀ ነው። ዊልያም ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1743 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ይህ አካል አንዴ ከተበላሸ እንደማይተካ አስረድተዋል። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። የመገጣጠሚያ ልም አጥንት የደም ሥርም ነርቭም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹም የሚዘዋወረው ጉልበቱ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። በመሆኑም የተላጠ ልም አጥንት እንደ ቆዳ ቁስል አይሽርም፤ ጨርሶ ከእንቅስቃሴ የታቀበ ጉልበትም ምግብ ይጎድልበታል። ‹‹ጉልበትህን አሳርፈው፣ አትንካው›› የሚለው የተለመደ ምክር ሥር ለሰደደ ሕመም የማይበጀው በዚህ የተነሣ ነው።

በጉልበት ውስጥ ድንጋጤ የሚያበርዱትና ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉት ሁለቱ ሜኒስከሶች የተለየ ታሪክ አላቸው። ቶማስ አናንዴል በኤድንብራ እ.ኤ.አ. በ1883 የአንድ የማዕድን ቆፋሪ ሜኒስከስ ከቦታው ተላቆ ቢያገኙት ሰፍተው መለሱት። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ጆን ብላንድ ሰተን እነዚህ አካላት ጥቅም የሌላቸው የጡንቻ ቅሪቶች እንደሆኑ ጻፉ። አስተሳሰቡ ሥር ሰደደ፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታትም የተቀደደ ሜኒስከስ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ሲጣል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1948 ፌርባንክ የእነዚህን ታካሚዎች ራጅ መርምረው የመገጣጠሚያውን ክፍተት ጠቦ፣ አጥንቱንም ተጨፍልቆ አሳዩ። የሕሙማኑን ጉልበት ለመበላሸት ያጋለጠው ራሱ ሕክምናው ነበር ማለት ነው።

ተከታዩ ምዕራፍ ለቆቦ አንባቢ ቅርብ ነው። በጃፓን ሰው የሚቀመጠው ወለል ላይ ተንበርክኮ ስለሆነ፣ በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የደረቀ ጉልበት ከማኅበራዊ ኑሮ ያገልል ነበር። ኬንጂ ታካጊ እ.ኤ.አ. በ1918 ለሽንት ፊኛ በተሠራ መመልከቻ የአስከሬን ጉልበት ውስጥ ለማየት የሞከሩት ይህን በሽታ በጊዜው ለመለየት በማሰብ ነው። ደቀ መዝሙራቸው ማሳኪ ዋታናቤ በ1962 በዚሁ መንገድ፣ ማለትም በአርትሮስኮፒ፣ የአንድ የ17 ዓመት ወጣት ሜኒስከስ የተቀደደውን ክፍል ብቻ ቆርጠው አወጡ።

መሣሪያው ግን ከተፈለሰፈበት ዓላማ አልፎ ሄደ። በዕድሜና በሥራ ብዛት ያለቀ ጉልበት ሁሉ በአርትሮስኮፒ ይታጠብና ይጠረግ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሂዩስተን ጥናት 180 ታካሚዎችን በሦስት ከፍሎ ሲያነጻጽር፣ ጉልበታቸው የታጠበላቸውና የተጠረገላቸው ቆዳቸው ብቻ ከተበጣላቸው የተሻለ ውጤት አላገኙም። በ2013 ደግሞ በፊንላንድ 146 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በመበላሸት ምክንያት የተቀደደ ሜኒስከስን መቁረጥ ከማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ብልጫ አላሳየም። በ2017 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ላለቀ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይደረግ አጥብቆ መከረ። ሚሊዮኖች ከታከሙ በኋላ የመጣ ምክር መሆኑ ያሳዝናል።

ይህ ታሪክ ለቆቦ የጤና ባለሙያ የሚኖረው ትርጉም ከከተማው ይበልጣል። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደሴ 170፣ አዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ላይ ያደረሰው ዘረፋና ውድመትም ይታወሳል። በሬውን ሸጦ ለኦፕራሲዮን ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ገበሬ፣ የሚጠብቀው ሕክምና ከማስመሰያው የማይሻል ከሆነ ኪሳራው የሁለት ወገን ነው። በአንጻሩ የጭን ጡንቻን ማጠንከር ራጅ እንኳ አይጠይቅም፤ ከመደብ ላይ እጅ ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ይበቃል። ከዘራ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። የዲክሎፌናክ መርፌን በየሳምንቱ መደጋገም ግን ለጨጓራ መድማትና ለኩላሊት ጉዳት ያጋልጣል።

ሳይዘገይ መላክ ያለበት ታካሚም አለ። ከአደጋ በኋላ ተቆልፎ የማይዘረጋ የወጣት ጉልበት፣ በተለይ ቀዳዳው ደም በሚያገኘው የሜኒስከስ ዳርቻ ከሆነ፣ ቶሎ ከተሰፋ ሊድን ይችላል፤ የአናንዴል ስፌት ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ ክብሩን አግኝቷል። ትኩሳት ያለበት ያበጠ ጉልበት የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን እስካልሆነ ድረስ ተብሎ አይታለፍም፤ በሰዓታት ውስጥ ልም አጥንቱን ሊበላው ስለሚችል ወዲያው መታየት አለበት። ከብት በሚረባበትና ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ደግሞ ብሩሴሎሲስን፣ ሳይሽር ለቆየ እብጠትም የመገጣጠሚያ ነቀርሳን ማሰብ ይገባል።

ልም አጥንቱ ፈጽሞ ላለቀበት፣ ሌሊት እንቅልፍ ለነሳው ሰው ሰው ሠራሽ ጉልበት አለ። ጀርመናዊው ቴሚስቶክለስ ግሉክ እ.ኤ.አ. በ1890 ከዝሆን ጥርስ ሠርተው ሞክረውት በኢንፌክሽን ከሸፈባቸው፤ የዛሬው ዓይነት መሠረት የተጣለው በ1970ዎቹ ነው። በ2015 በዴንማርክ ለዚህ ሕክምና የታጩ 100 ታካሚዎች ሲነጻጸሩ፣ ቀዶ ሕክምናው ሕመምን በይበልጥ ቀንሷል፤ ከባድ ጉዳትም በብዛት አስከትሏል። ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት 50ዎቹ ውስጥ በዓመቱ ወደ ቀዶ ሕክምና የተሸጋገሩት 13 ነበሩ። ጉልበታቸው ከተተካላቸው ውስጥ ብዙዎች መንበርከክና ቁጢጥ ማለት ይቸግራቸዋል። ስለዚህ የሚሰግደው፣ የሚያርመውና የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት የሚጠቀመው ታካሚ ይህን መስማት ያለበት ወደ አዲስ አበባ ከመሳፈሩ በፊት ነው።