ፕራደር-ዊሊ ሲንድረም ላለባቸው ልጆች የሚሰጥ የእድገት ሆርሞን ሕክምና

ፕራደር-ዊሊ ሲንድረም በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ከአባት የሚገኙ የተወሰኑ ዘረ-መሎች ባለመኖራቸው ወይም ሥራቸውን ባለማከናወናቸው የሚከሰት፣ እምብዛም የማይታይ የጤና ችግር ነው። በአብዛኛው በአጋጣሚ የሚፈጠር እንጂ ወላጆች በፈጸሙት ስሕተት የሚመጣ አይደለም። ሕፃኑ ሲወለድ ጡንቻው የላላ፣ ለቅሶውም ደካማ ይሆናል፤ ጡት ለመጥባት ይቸገራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በልቶ የማይጠግብ ይሆናል፤ ቁመቱም ከእኩዮቹ ያንሳል።

የእድገት ሆርሞን ለእነዚህ ልጆች እንዲሰጥ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቅሙ ቁመትን በመጨመር ብቻ አይወሰንም፤ ጡንቻን ያጎለብታል፣ የሰውነት ስብንም ይቀንሳል። በመሆኑም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የቁመት ማነስ እስኪታይ ሳይጠብቁ ሕክምናውን በሕፃንነት ዕድሜ ያስጀምራሉ።

ሆኖም መድኃኒቱ የአተነፋፈስ ሁኔታ ሳይመረመር መጀመር የለበትም። ከልክ ያለፈ ውፍረት ወይም ከባድ የአተነፋፈስ ችግር የነበረባቸው አንዳንድ ልጆች ሕክምናውን ከጀመሩ በኋላ ሕይወታቸው ማለፉ ተመዝግቧል። ስለዚህ የእንቅልፍ ምርመራ ከሕክምናው በፊት ይደረጋል፤ ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሊደገም ይገባል። ልጁ ማንኮራፋት ከጀመረ ወይም ማንኮራፋቱ ከባሰበት፣ በእንቅልፉም ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ቀጣዩን የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ሐኪሙን ያማክሩ። ሆርሞኑ ቶንሲልን ሊያሳብጥና የአየር መተላለፊያን ሊያጠብ ይችላል።

መርፌው በአብዛኛው በየቀኑ ማታ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ወላጆች ከጤና ባለሙያ ሥልጠና ወስደው በቤታቸው ሊሰጡት ይችላሉ። የሚወጋው ቦታ በየዕለቱ ይቀያየራል። መድኃኒቱ እንደየዓይነቱ በማሸጊያው ላይ በተመለከተው መሠረት ይቀመጣል፤ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። በረዶ የሆነ መድኃኒት ቢቀልጥም እንኳ ጥቅም ላይ አይውልም። በክትትል ወቅት ቁመት፣ ክብደት፣ የደም ስኳርና የአከርካሪ አጥንት መጣመም ይታያሉ፤ የመድኃኒቱም መጠን በደም ምርመራ ውጤት መሠረት ይስተካከላል።

ሆርሞኑ ረኀብን አያስታግሥም። ስለዚህ ቤተሰቦች ልጁ ሲጠነክር ባዩ ጊዜ የምግብ ቁጥጥሩን ማላላት የለባቸውም። ምግብ በተወሰነ ሰዓትና መጠን መቅረቡ፣ ጓዳና ማቀዝቀዣም መቆለፋቸው ሕክምናው በሚሰጥባቸው ዓመታት ሁሉ ይቀጥላል፤ አያቶች፣ ጎረቤትና የትምህርት ቤት መምህራንም ይህንኑ እንዲያውቁ ይደረግ።