ከብራና እስከ ሩዝ ቅርፊት፤ በሙቀት የሚፈታ ትስስር ታሪክ

በደቡብ ጎንደር ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ የሚገኘው ጣራ ገዳም በጥንታዊነቱና በደኑ የታወቀ ነው። እንዲህ ባሉ ገዳማት የሚነበቡት የብራና መጻሕፍት ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ለኬሚስትም ብዙ የሚነግሩት አላቸው። ብራና ፋቂው ቆዳውን ወጥሮ ይፍቀዋል እንጂ አያለፋውም። ስለዚህ ኮላጅን የተባለው ፖሊመር በተፈጥሮው እንዳለ ይቆያል፤ ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘዋል። እርጥብ ብራና ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ትስስሩ ይፈታና ቆዳው ይኮማተራል፤ በውሃ ቢቀቀልም ሟሙቶ ጄላቲን ይሆናል። ጄላቲኑ ሲበርድ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ይህንንም ደጋግሞ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ተመልሶ ብራና አይሆንም፤ የሰንሰለቶቹ የቀድሞ ሥርዓት ፈርሷልና። ፍል ውሃ የነካው የብራና ቅጠል ጠፍቶ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢንዱስትሪው ኬሚስት ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ቻርልስ ጉድዪር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ሲያጠነክር፣ ሊዮ ቤክላንድም በ1907 ባክላይትን ሲሠራ፣ ያገኙት ሙቀት የማያቀልጠው ትስስር ነበር። የዚህ ስኬት ዕዳ ለእኛ ተርፏል፤ ያረጀ ጎማና የተሰበረ ባክላይት እንደ ብረት ቀልጦ እንደገና አይቀረጽም።

ከዚህ መውጫ መንገድ የከፈተው ኦቶ ዲልስና ኩርት አልደር እ.ኤ.አ. በ1928 ያስታወቁት፣ በ1950ም የኖቤል ሽልማት ያገኙበት አጸግብሮት ነው። ከእርሱ ዓይነቶች አንዳንዱ ተገላባጭ፣ ማለትም ወደፊትም ወደኋላም የሚሄድ ነው። ፉራንና ማሌይሚድ በ60 ዲግሪ ገደማ ይጣመራሉ፤ ከ110 ዲግሪ በላይ ይለያያሉ፤ ሙቀቱ ሲቀንስም ያንኑ ትስስር ይመልሳሉ። ጄላቲን በግማሽ የቀረበትን እነዚህ ይፈጽሙታል። ክሬቨን የተባለ ኬሚስት በ1969 በዚህ ጥምረት የተሠራ ፖሊመር የፈጠራ መብት አገኘ። በ2002 ፍሬድ ዉድልና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ የሠሩት ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ ፖሊመር ተሰንጥቆ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ያለ ማጣበቂያ ገጠመ፤ ከመጀመሪያ ጥንካሬው ግማሽ ያህሉን መለሰ። ግማሽ መሆኑን ማቃለል አይገባም፤ ባክላይት ከዚህ ምንም የለውምና።

ነገሩን ወደ አገራችን የሚያቀርበው ፉራን ነው። መነሻው ፉርፉራል ሲሆን፣ ይህን ኩዌከር ኦትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1922 ጀምሮ ከአጃ ቅርፊት ለገበያ አውጥቷል። የበቆሎ ቆረቆንዳና የሩዝ ቅርፊትም ለዚሁ የሚሆን ፔንቶሳን አላቸው። ከጣራ ገዳም ወደ ወረታ ሲወረድ የሚደረሰው የፎገራ ሜዳ ዛሬ የሩዝ አገር ነው፤ ሩዝ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጀምሮ ተስፋፋ። በእኔ ግምት የሙያ ጓደኞቻችን ቢጀምሩ የሚሻለው ከፖሊመሩ ሳይሆን ከፉርፉራሉ ነው። ማሌይሚዱ እስካሁን በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ውጤት የሚገኝ ስለ ሆነ ከውጭ መግዛት ግድ ነው። ቅርፊቱም ሲሊካ ይበዛበታል። ሆኖም ፉርፉራሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ሲቃጠል ለአጸግብሮቱ የሚያስፈልገውን እንፋሎት ያፈላል፤ ሲሊካውም በአመዱ ውስጥ ይቀራል።