ጆንሰን፣ አሽሊ
አሜሪካዊት የውሃ ፖሎ ግብ ጠባቂ። እ.ኤ.አ. በ1994 በፍሎሪዳ ከጃማይካውያን ቤተሰብ ተወለደች፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተማረች። በ2016 ለሪዮ ኦሊምፒክ ስትመረጥ በአሜሪካ የሴቶች የውሃ ፖሎ የኦሊምፒክ ቡድን የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ሆነች። ቡድኗ በፍጻሜው ጣሊያንን 12 ለ 5፣ በቶኪዮም ስፔንን 14 ለ 5 አሸንፎ ወርቅ አገኘ፤ በፓሪስ 2024 አራተኛ ወጣ።

ከሜዳሊያው ይልቅ የሚያስገርመው የእግሯ ሥራ ነው። የግቡ ስፋት 3 ሜትር፣ ከውሃው በላይ ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ጆንሰን እግሮቿን በውሃ ውስጥ ያለማቋረጥ እያሽከረከረች ትንሳፈፋለች፤ ኳስ ሲወረወር እስከ ወገቧ ተስፈንጥራ ትወጣለች። ከዘንገና ሐይቅ ዳር ጥቂት ራቅ ብሎ የዋኘ ሰው፣ እግር መርገጫ በሌለበት ውሃ ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈጅ አይጠፋውም። ኳስን በሁለት እጅ ወይም በቡጢ መምታት የሚፈቀደው፣ ከግቡ አቅራቢያ እስካለ ድረስ፣ ቀይ ቆብ ለሚያደርገው ግብ ጠባቂ ብቻ ነው።