አሞሌውን ማን ተሸከመው? ግመል በታሪካችን ያጣው ስፍራ

“ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹ ይሄዳሉ” ይባላል። “ግመል ሰርቆ አጎንብሶ”ም ይባላል። እኛ ደገኞች ስለግመል የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ በነዚህ ሁለት አባባሎች ያበቃል፤ አንዱ ለፖለቲካ ክርክር፣ ሌላው ለሌባ መሳለቂያ። ሥጋውን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ወተቱን ብዙዎቻችን ቀምሰን አናውቅም። ይሁንና አያት ቅድመ አያቶቻችን ወጣቸው ውስጥ የጨመሩት ጨው አብዛኛው የመጣው በዚሁ እንስሳ ጀርባ ነው። ለመሆኑ ነገሥታቱን፣ ጦርነቶቹንና ሳንቲሞቹን በዝርዝር የሚነግረን ታሪካችን ግመሉንና ባለግመሉን የት ጣላቸው? በዚህ ጽሑፍ ይህንን ለማየት እንሞክራለን። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለእንስሳው ጥቂት

ባለአንድ ሻኛው ግመል ለማዳ የሆነው ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት በአረቢያ ምድር ነው። ሻኛው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል የሚለው ወሬ ስህተት ነው፤ ያለው ስብ ነው። ምስጢሩ ሌላ ቦታ ነው። ክኑት ሽሚት-ኒልሰን የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ ሰሃራ ውስጥ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ውሃ የተጠማ ግመል የሰውነቱ ሙቀት ሌሊት ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀን ከ40 በላይ ይወጣል። ሰውነቱ ሲሞቅ ዝም ብሎ ስለሚችለው በላብ የሚያባክነው ውሃ ጥቂት ነው። ሌላውን እንስሳ የሚገድል የውሃ እጥረት ችሎ ይቆይና ውሃ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ 100 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በድርቅ ጊዜ ላሟ ስትነጥፍ ግመሏ መታለቧን ትቀጥላለች። በሶማሌ ባህል የአንድ ወንድ የደም ካሳ በ100 ግመል የሚተመነው ያለምክንያት አይደለም። እዚያ ግመል ማለት ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ ጎተራም ነው።

ጨውና ገንዘብ

አሁን ወደ ዳናኪል ረባዳ እንውረድ። የአሳሌ ጨው ሜዳ ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። አጠገቡ ባለው ዳሎል በ1960ዎቹ የተመዘገበው አማካይ የዓመት ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። እዚህ ነው ጨዉ በዘንግ እየተፈነቀለ፣ በስለት እየተጠረበ አሞሌ የሚሆነው።

አሞሌው ለማጣፈጫ ብቻ አልነበረም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ወደ ሩቁ የወርቅ አገር እየሄዱ እንደሚለዋወጡ ጽፏል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በአገሪቱ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚንር መዝግቧል። አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላ እንኳን አሞሌ ገበያውን ቶሎ አልለቀቀም፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሲገበያዩበት ቆይተዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጨው ሜዳው ላይ አሞሌ እንደ ድንጋይ ሞልቷል። ሩቅ አገር ሲደርስ ውድ የሚያደርገው ጨውነቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። የመጀመሪያውን፣ ከሁሉም የከፋውን መንገድ ደግሞ በዋናነት የሚሸከመው ግመል ነበር። በቅሎና አህያም አብረው ይወርዳሉ፤ ደጋው ላይ ከተወጣ በኋላ ዋናውን ሸክም የሚረከቡትም እነሱ ናቸው። ከመቀሌ ወርዶ ለመመለስ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። በመንገዱ ሳር ስለሌለ የእንስሳቱን መኖ ሳይቀር ከደጋ ተሸክሞ መውረድ ግድ ነው። እንግዲህ አሞሌ የመንግሥት ማኅተም ሳይኖረው ገንዘብ የሆነው በዚህ ድካም ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አርሆ፦ የሁለት ሕዝብ ውል

የትግራይ ሰዎች ጨው ሊያመጣ የሚወርደውን ቅፍለት አርሆ ይሉታል። ደገኛው ያለ አፋሩ መንገዱን፣ ውሃውንና ጨዉን አያገኝም፤ አፋሩም ያለ ደገኛው እህልና ገበያ አያገኝም። በሃይማኖትና በቋንቋ የሚለያዩ፣ አንዳንዴም የሚጋጩ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ መንገድ ተመላልሰዋል። ስለኢትዮጵያ አንድነት በተነሳ ቁጥር የምንጠቅሰው ግን ዘመቻና ግብር ነው። እንዲህ ያለውን በየቀኑ የሚታደስ የሰዎች ውል እንዘነጋዋለን። በየኬላው ቀረጥ የተቀበለው ሹም በታሪክ ሲጠራ፣ ጨዉን የጠረበው አፋር ግን “ዘላን” በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። እሷም ቃል ብትሆን ከሙያ መጠሪያነት ይልቅ ስድብ ሆናለች።

መኪናው ሲመጣ

በ2010ዎቹ ዓመታት ወደ ጨው ሜዳው አስፋልት ገባ። መኪና በጥቂት ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ ግመል በቀናት ስለሚጨርሰው የቅፍለቱ ሥራ እያነሰ ሄደ። ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነትም ትግራይንና አፋርን ሲያደማ በሁለቱ መካከል ያለውን ንግድ አብሮ ጎድቷል። መንገድ አይሠራ የሚል ክርክር የለንም። መንገድ ወላድን ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ እህል ያወርዳል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ የድሮው ውል ሲፈርስ በአዲሱ ውስጥ ጨው ጠራቢውና ባለግመሉ ቦታ አላቸው ወይ?

“ግመል እንግዲህ ያለፈ ነገር ነው” የሚል ቢኖር ወደ ቦረና ይመልከት። በከብት የሚታወቀው የቦረና አርብቶ አደር ድርቅ ሲደጋገምበት ወደ ግመል እርባታ ፊቱን እያዞረ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናብ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲጠፋ ያለቀውን ከብት ላየ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ግመልም ቀስ ብሎ የሚራባ እንስሳ ነው፤ እርግዝናው ብቻ 13 ወር ገደማ ይፈጃል። አንድ ቤተሰብ ግመሎቹን ካጣ በአንድ ክረምት አይተካቸውም።

የተባበሩት መንግሥታት 2024ን የግመልና የዘመዶቹ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። እኛ ግን በዓል አልጎደለብንም። የጎደለው በትምህርት መጽሐፋችን ከአክሱም ሳንቲምና ከምኒልክ ብር ቀጥሎ ስለአሞሌው የሚጻፍ አንድ ምዕራፍ ነው። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ጠራቢው፣ መንገድ መሪውና ግመሉ ይኑሩበት። የገንዘባችንን ታሪክ የምንጽፍ ከሆነ ከተሸከሙት እንጀምር።