ባሕሩ ሲሄድ ትቶልን የሄደው ጨው

በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ባሕር በር ስንከራከር የምንነሳው ከአዱሊስ ነው፤ ያም ካልሆነ ከ1993 (እ.ኤ.አ.)። እኔ በምኖርበት በጆሃንስበርጉ ቤሪያም ቡና በተፈላ ቁጥር የምሰማው ይኸንኑ ነው። በእኔ እምነት ግን ታሪኩ ከዚያ እጅግ ቀድሞ መጀመር አለበት፤ ቀይ ባሕር ራሱ ባሕር ያልነበረበት ዘመን አለና።

በ2025 የሳውዲው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ከ6.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ፈጽሞ ደርቆ የጨው በረሃ ሆኖ ነበር። በኋላ የሕንድ ውቅያኖስ በሐኒሽ በኩል (ኤርትራና የመን በ1995 በተዋጉባቸው ደሴቶች መሆኑ ነው) የነበረውን ግርዶሽ ጥሶ ሞላው፤ የባሕር ፍጥረታትም ተመለሱ።

ያ ግርዶሽ ዛሬም ከውሃው በታች 137 ሜትር ገደማ ላይ አለ። ከ20,000 ዓመት በፊት፣ በበረዶው ዘመን፣ የዓለም ባሕር 120 ሜትር ያህል ሲወርድ በሩ ሊዘጋ ትንሽ ቀረው። ዛሬ በሰሜኑ ጫፍ በሊትር 40 ግራም ገደማ የሆነው ጨው ያን ጊዜ ከ50 በላይ ወጣ። በውሃው ላይ የሚንሳፈፉት፣ በዓይን የማይታዩት ባለዛጎል ፍጥረታት ከብዙው የባሕሩ ክፍል ጠፉ። በረዶው ሲቀልጥ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ እንደገና ገቡ።

የእኛው ዳናክል ይህ ዕድል አልገጠመውም። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ በዙላ በኩል ገብቶ ነበር፤ ምስክሩ በሸለቆው ዳርቻ ደርቀው የቆሙት ኮራሎች ናቸው። መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ። ዳሎል አካባቢ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ተቆፍሮ እንኳ የጨው ክምችቱ ወለል አልተገኘም።

የአሞሌ ምንጭ ይኸው ጨው ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ እንደጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎች ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር ወርደው በወርቅ ይለውጡ ነበር። የወርቅ ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሳነብ መገረሜ አልቀረም። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ወደቡ ብዙ ጻፉ፤ ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ በግመልና በበቅሎ ደጋ ስለወጣው ባሕር ግን የጻፉት ጥቂት ነው። አፋሮች ዛሬም በአሳሌ ሐይቅ ዙሪያ፣ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው፣ በመጥረቢያ ይጠርቡታል።